በሁለት ጓጉንቸር የተዘጋው የስፌት መኪና

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ላይ ስትሆን ስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ ስለምትውል፣ ቤተሰቡ በእሷ ዝምታ ብዙ ነገር ወስኗል። የወንድሟ የሠርግ ድግስ በእሷ ግቢ እንዲሆን የተወሰነው ስፒል በአፏ ሳለ ነው። አክስቷ ያንን ግዙፍ ቁም ሣጥን «ለጊዜው» ብላ እሷ ዘንድ ስታራግፈውም እንዲሁ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ መልስ እስክትሰጥ ነገሩ ያልቃል፤ ሰዉም ወጥቶ ይሄዳል። አንደበት ያጣች ሴት አይደለችም፤ ተራ የማይደርሳት ናት እንጂ።

አባቷ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሕመሙ ሲጠናበት ኑዛዜውን ተናገረና ሁለት አስፈጻሚ መረጠ፤ አንዱ የበኩር ልጁ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሲሆን ሌላዋ የገዛ እህቱ፣ የልጆቹ አክስት ነች። አንድ ሰው ብቻውን ይሳሳታል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን ይተራረማሉ አለ። ልብስ ሰፊዋ ያኔም ጥግ ላይ ተቀምጣ የትራሱን ልብስ ትጠግን ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች መስኮት ይከፈት ይዘጋ በሚለው እንኳ ተስማምተው እንደማያውቁ ልትነግረው ስፒሎቹን ነቅላ ሳትጨርስ፣ ምስክሮቹ ፈርመው ተነሡ።

ከቀብር በኋላ ሹፌሩ የአባቱን የሥራ ክፍል በጓጉንቸር ቆለፈው። ንብረቱ እስኪከፋፈል ማንም እንዳይነካው ነው አለ። አክስት ይህን ስትሰማ ጫማዋን በቅጡ እንኳ ሳታጠልቅ ከተፍ አለችና፣ ከታች ባለው ቀለበት ላይ የራሷን ጓጉንቸር ጨመረችበት። ሁለቱም ጓጉንቸሮች የሟቹ የእጅ ሥራ ነበሩ። አንዱን ለልጁ ሲዳር፣ ሌላውን ለእህቱ ቤት ስትሠራ ነው የሰጣቸው። ሲሰጣቸውም ለሁለቱም ያንኑ ቃል ተናግሯል፦

«ከዚህ መክፈቻ በቀር የሚከፍተው የለም።»

ችግሩ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከሞርሳውና ከሞረዶቹ መካከል፣ የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና መኖሩ ነው። ፔዳሉ እየተንቋቋ ሲያስቸግራት አባቷ እስቲ ልየው ብሎ ወስዶት ነበር፤ አስተካክሎ ቢጨርስም ሳይመልስላት ሞተ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ደርሷል። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የተቀበለችው እሷ ናት፤ ጨርቁ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። ካልደረሰላቸው እናቶቹ ጨርቃቸውን ሰብስበው ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ትልቅ ስፌት ቤት ይሄዳሉ። አንዴ ከሄዱ ደግሞ እንደማይመለሱ ታውቃለች።

ወንድሟን ፍለጋ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች። መሪው ላይ ተደግፎ አዳመጣትና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«መኪናው ያንቺ መሆኑን እኔ አውቃለሁ» አላት። «እንደ አስፈጻሚ ግን አላውቅም።»

ከዚያ አክስቷ ዘንድ ሄደች። አክስት ዛሬውኑ እከፍትልሽ ነበር አለች፤ ነገር ግን ቀድሜ ከከፈትኩ ያ ልጅ ተሸነፈችልኝ ብሎ ያስወራል። የጠቡ ሥር ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ ማን ይክፈት? ሁለቱም ኋላ የሚከፍተው ነው ዋናው ባለሥልጣን ብለው ስላመኑ መቅደም ሞት ሆነባቸው። አንድ እሑድ ተቀጣጥረው መጡና መክፈቻቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ይቅደሙ እትዬ፤ ኧረ አንተ ቅደም፤ በሞቴ ይቅደሙ፤ እኔ ልሙትልህ አንተ! መንገደኛ ቢያያቸው ምን ያለ መከባበር ነው ይላል። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ትርኢቱ እንዳያመልጠው የደንበኛውን ወንበር ወደ ውጭ አዙሮ ነበር የሚላጨው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም መክፈቻቸውን ኪሳቸው ከተው ተበተኑ።

ልብስ ሰፊዋ በእጇ መስፋት ጀመረች። ጣቶቿ ተበሳሱ፤ የጨርቁ ቁልል ግን አልጎደለም። አንድ ጠዋት ከእናቶቹ አንዷ መጣች። ጨርቋን ከቁልሉ መዝዛ፣ አጥፋ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ ወደ አባቷ ክፍል ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ራሷም አላወቀችም። በእጇ የራሷ የስፌት ቤት መክፈቻ ነበረ፤ የእሷንም ጓጉንቸር የሠራላት አባቷ ነው። በንዴት ታችኛው ጓጉንቸር ውስጥ ሰክታ ጠመዘዘችው። ተከፈተ። ደንግጣ መልሳ ቆለፈችው፤ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ላይኛውን ሞከረች። እሱም ተከፈተ። ታችኛውን ደግማ ከፍታ ገባች።

አባቷ ሲሠራ ትዝ አላት። እያንጎራጎረ ይሞርዳል፤ ግድግዳው ላይ በሚስማር ከተሰቀለች አንዲት አሮጌ መክፈቻ ጋር አዲሱን አስተያይቶ፣ እፍ ብሎ፣ ለባለቤቱ ያስረክባል። ጓጉንቸሩ መልኩና መጠኑ ይለያያል፤ መክፈቻዋ ግን ሁሌ ያቺው ናት። ቀና ብላ ስታይ አሁንም ሚስማሯ ላይ ተንጠልጥላለች። ለአገሩ ሁሉ በአንድ ልክ ሲሰፋ ኖሯል ማለት ነው።

መኪናውን ከእግሩ ነቅላ ተሸክማ ወሰደችው፤ ተመልሳም እግሩን ወሰደች። ሁለቱንም ጓጉንቸሮች እንደነበሩ ቆለፈቻቸው።

በሳምንቱ ፀጉር አስተካካዩ መላ አመጣ፤ እሱ ሲቆጥር ሁለቱም እኩል ይክፈቱ። ተስማሙ። ሦስት ሲል በሩ ተከፈተ። የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ አቧራው ላይ ባዶ ቅርጽ ብቻ ቀርቷል።

«ያንተ ተቆልፎ ነበር?» አለች አክስት።

«ነበር። የእርስዎስ?»

«የኔም።»

ተያዩ። አንዱ ሌላውን ሌባ ለማለት መጀመሪያ የገዛ ጓጉንቸሩን ማማት ነበረበት፤ ያንን ደግሞ ማንም አልደፈረም። ፀጉር አስተካካዩ «ሟቹ ራሳቸው መጥተው ይሆናል» አለና፣ ደንበኛውን ጥሎ እንደመጣ ትዝ ሲለው ሮጠ። ይህን ጊዜ ከልብስ ሰፊዋ ቤት የስፌት መኪና ድምፅ ተሰማ።

ሁለቱ ተሽቀዳድመው ገቡ። አፏ በስፒል ተሞልቷል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅላ እስክትጨርስ ጠበቋት። አንዷን፣ ቀጥላ አንዷን፣ ሳትቸኩል መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው።

«በራሴ መክፈቻ ነው የከፈትኩት» አለች።

ሹፌሩ ሳቀ። አክስት አልሳቀችም፤ የልብስ ሰፊዋን መክፈቻ ነጥቃ በእጇ የያዘችውን የራሷን ጓጉንቸር ሞከረችው። ከፈተው። ሹፌሩ በአክስቱ መክፈቻ የእህቱን ስፌት ቤት ጓጉንቸር ሞከረ። ከፈተው። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«የዳቦ ቤቱን ጓጉንቸር የሠራው ማነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አባዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የመድኃኒት ቤቱንስ?»

«አባዬ። የፀጉር አስተካካዩንም። የሰፈሩን በሙሉ።»

አክስት አፏን በእጇ ከደነች። ሰፈሩ ይህን ያህል ዘመን እርስ በርሱ ተዘግቶ ሳይሆን ተከፍቶ ነው የኖረው፤ ማንም ሞክሮ ስላላየ ግን ሁሉም እፎይ ብሎ ይተኛል።

ነገሩ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ሁለቱ አስፈጻሚዎች እኩል ተናገሩ፤ ከተሾሙ ወዲህ በአንድ ድምፅ ያሳለፉት ውሳኔ ይኸው ነው። ከዚያ እኩል ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«መኪናዬ እዚህ ይቀራል» አለች። «ያን ቁም ሣጥንም ዛሬ ታነሡልኛላችሁ።»

ስፒሎቿን መልሳ አፏ ውስጥ ደረደረች።

ሹፌሩና አክስቱ ቁም ሣጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው እያለከለኩ ሲወጡ፣ ፀጉር አስተካካዩ ለምሳ ሱቁን ይዘጋ ነበር። ጓጉንቸሩን ሳብ ሳብ አድርጎ ፈተሸው፤ መታ መታ አድርጎም አሞገሰው።

«የሟቹ ሥራ ነው እኮ» አላቸው። «ልቤ አርፎ ነው ምሳዬን የምበላው።»

አክስት አቧራ ከሌለው ቀሚሷ ላይ አቧራ አራገፈች። ሹፌሩ አሁንም ሣጥኑን እንደያዘ ወደ ሰማይ አየ።

«እትዬ፣ ይቅደሙ» አለ።

አክስት ያለ አንዳች ክርክር ቀደመች።