የሸክላው ይግባኝ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ስለ አንድ የፈረንጅ የሙዚቃ ሸክላ ልታስተምረኝ ተነሳች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የማታስተምረኝ ነገር የለም። ስልኳን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችና፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የሮክ ሙዚቃ ቁንጮ ነው። ስንት ዘመን አልፎት ሰው አሁንም እንደ አዲስ ይሰማዋል» አለችኝ። የሽፋኑንም ሥዕል ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ፀጉራቸውን የለቀቁ ጎረምሶች ሜዳ መሀል የብረት አልጋ ላይ ተደርድረዋል።

«እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ» አልኳት። «ፈርጄባቸዋለሁ።»

ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

በደርግ ጊዜ፣ አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ዘመን፣ የቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። የተመረጥኩት አዋቂ ናት ተብዬ አይደለም፤ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ሳይ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። እስከዚያ ድረስ «ጯሂዋ» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች፣ ምርጫው ሲመጣ ያንኑ ጩኸቴን «ለፍትሕ የቆመች» አሉት። ከእኔ ጋር ሁለት ዳኞች ነበሩ። ሰብሳቢያችን የባቡር ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው በአርሲ መንገድ የሚነግድ ኦሮሞ ከብት ነጋዴ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገር ግን አይመለስም።

ከቀበሌው አዳራሽ ጎን ግድግዳ የሚጋራ ወሎዬ ልብስ ሰፊ ነበር። መልካሳ እርሻ ምርምር ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸክላ ማጫወቻውን ከነዚያ ጎረምሶች ሸክላ ጋር ትቶለት ሄደ። ሌላ ሸክላ አልነበረውም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ነው የሚያጫውተው፣ አንዱ ፊት ሲያልቅ ገልብጦ። የስፌት መኪናው በእግር የሚመታ ነው፤ ሙዚቃው ሲፈጥን እግሩም ይፈጥናል፣ መርፌውም እየዘለለ ይሄዳል። ሱሪው የተተረተረበት ደንበኛ «በስንተኛው ዘፈን ላይ ነው የሰፋኸው?» ብሎ ይቆጣዋል። አዋቂዎቹ ጨርቁን ሲሰጡት «አደራ፣ የእኔን በቀስታው» ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር አዳራሹ ውስጥ ስለ ምርት ዕድገት ንግግር ሲያደርግ፣ በግድግዳው በኩል ፈረንጆቹ ጮኹበት። ግድግዳውን ደበደበ። ልብስ ሰፊው ይሄንንም ከበሮ መስሎት ነው መሰለኝ አልቀነሰም። ሊቀመንበሩ ወጥቶ ሱቁን አሸገ፤ የሰው ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ቀረ። ክስም አቀረበ፦ በኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ የአብዮቱን ውይይት ማደናቀፍ። ጉዳዩ ወደ ላይ እንዲላክ ጠየቀ።

«ወደ ላይ» ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል። ያኔ ወደ ላይ የተላከ ሰው ሚስት ስንቅ ይዛ ከበር በር ስትንከራተት ነው የምትከርመው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሚስትም ሕፃናትም ነበሩት። ነገሩ ፖለቲካ ከተባለ ከእጃችን ይወጣል፤ የጎረቤት ጩኸት ከተባለ የእኛ ነው፣ ገሥፀን እንለቀዋለን። ያ ሸክላ ፖለቲካ ነው ወይስ ጩኸት? የሰውየው ዕጣ በዚች ላይ ተንጠለጠለ።

በችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሳሻችን የሸክላውን ሽፋን ከፍ አድርጎ፣ «እዩአቸው! ወንድ ይሁኑ ሴት እንኳ አይለዩም!» አለ። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አጥልቀው አገላብጠው አዩና፣ «አንደኛው ፂም አለው» አሉ። «ለሌሎቹ ዋስ አልሆንም።»

«ውሳኔ ይሰጥልኝ» አለ ከሳሹ።

«ሸክላውን ሰምተነዋል?» አልኩ።

«ጓድ፣ ሁላችንም በግድግዳ ሰምተነዋል።»

«በግድግዳ የተሰማ ምስክር አልቀበልም። ይምጣና ፊት ለፊት ይናገር። ሁለቱንም ፊት፣ እስከ መጨረሻው።»

«እርስዎ እዚያ ሱቅ ውስጥ ልብስ አለዎት፤ ገለልተኛ አይደሉም!»

«አለኝ። ያንተም ካኪ ሱሪ እዚያ ነው። ልብስ የሌለው ዳኛ ካማረህ ራቁቱን የሚሄድ ፈልግ።»

ማጫወቻው መጣ። የእንግሊዝኛ መምህር አስተርጓሚ ሆኖ ተጠራ። ሙቀቱ የናዝሬት ሙቀት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር የእቃ መደርደሪያ ከደረጃ ላይ እየተንከባለለ የሚወርድ መሰለኝ። መምህሩ ላቡን እየጠረገ ጆሮውን ደቀነ።

«ምን ይላል?» አሉት ሰብሳቢው።

«ሴትየዋ ጥላኝ ሄደች ይላል።»

ሁለተኛው ተጀመረ። «ይሄስ?»

«ይሄም ሄዳበት ነው።»

«ያችው ናት፣ ሌላ?»

«እሱን አይገልጽም።»

ሦስተኛው ላይ የመምህሩ ፊት በራ። «ተመለሰች!» አለ። ከኋላ አንዲት እናት «እሰይ!» አሉ። ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ደፋ። «ጓዶች፣ እንደገና ሄደች።»

«ይኸው!» አለ ከሳሹ። «የኢምፔሪያሊስት ኑሮ ብልሹነት!»

«ባለፈው ሳምንት ያፋታናት ሴትስ?» አልኩት። «እሷንም አሜሪካ ናት የላከቻት?»

ከዚያ አንድ ቀሰስ ያለ ዘፈን መጣ፣ ጊታር ብቻውን የሚያለቅስበት። ከብት ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጋሪዳ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ከሳሹ አፈጠጠበት። «ጥጃዋ የሞተባት ላም ነው የሚመስለው» አለ ከብት ነጋዴው፣ «ይሄ ውሸት የለበትም።»

ሸክላው ተገለበጠ። ከበሮ መቺው ብቻውን መምታት ጀመረ። መታ፣ መታ፤ ሰው ተቁነጠነጠ፤ አሁንም ይመታል። የባቡር ጡረተኛው ሰዓታቸውን አወጡ። «ይሄ ሰውዬ ጣቢያ የሚባል አያውቅም እንዴ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ይሄን ጊዜ ተከሳሹ ዘሎ ተነሳ። ስለ ራሱ ሲከሰስ ዝም ያለ ሰው፣ በሸክላው ሲሳቅ አልቻለም። «ጓዶች፣ ይሄ የሚሳቅበት ነገር አይደለም! ወላሂ፣ ይሄን ከበሮ ስሰማ ማንም የማያዘኝ ሰው ነው የምሆነው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከሳሹ ብዕሩን አወጣ። «ይመዝገብልኝ» አለ፣ «ማንም አያዘኝም ብሏል።» የልብስ ሰፊው ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም እንደማያዝህማ ደንበኞችህ ሁሉ ይመሰክራሉ! ለፋሲካ ያዘዝኩህ ቀሚስ ሐምሌ ገባ እኮ!»

«የኔም ኮት!» አለ አንዱ ከኋላ። «የልጆቼ ዩኒፎርም!» አለች ሌላዋ። ሁሉም ባንድ አፍ ይከሰው ጀመር፤ ያ የሚያስፈራው ቃል በዘገየ ልብስ ተሸፍኖ አለፈ። የልብስ ሰፊን ቀጠሮ የማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ ሰውየው ያን ቀን አልቆለት ነበር።

ፍርዱን እኔ ነኝ ያጻፍኩት። «ሸንጎው ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር ሰምቷል። አብዮቱን የሚነካ ሐሳብ አላገኘበትም። ምንም ዓይነት ሐሳብ አላገኘበትም። ዘፋኙ መዝፈን አይችልም፤ ከበሮ መቺው ማቆም አይችልም። ነገሩ ተራ ጩኸት ነው። ተከሳሹ ድምፁን ቀንሶ ያጫውት፤ ሱቁ ይከፈት።» ከሳሹ ምን ይበል? የለም፣ ትልቅ ሐሳብ አለበት ቢል ሸክላውን ማወደስ ሊሆንበት ነው። እሱም አብሮ «እርባና ቢስ ነው!» አለ።

እኔ ደግሞ አልዋሸሁም። ሰው ለማዳን ብዬ ያላመንኩትን አልፈርድም። በዚያ ቆርቆሮ ሥር የሰማሁት ጩኸት ነበር፣ ጩኸት አልኩት።

ስንወጣ የልብስ ሰፊው ሚስት ጉልበቴን ሳመችኝ። እሱ ግን ፊቱን ከስክሶ ቆመ።

«መዝፈን አይችልም ማለቱ ለምን አስፈለገ?» አለኝ።

«አንተ ሰው፣ ነፃ ወጣህ እኮ!»

«እኔ ወጣሁ። እሱስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ማለቱን ትቶ አንቱ ይለኝ ጀመር። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ አጥር ነው። ቀሚሴን ሰፍቶ በሰው እጅ ላከልኝ። አንድ እንከን አላገኘሁበትም፤ በቂሙ ሙያውን አላበላሸም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። በሠርግም በለቅሶም ድንኳን ስንገናኝ ግን ከወዲያ ማዶ ነው የሚቀመጠው። መንግሥት ተለወጠ፣ የከተማዋ ስም ተለወጠ፣ የእሱ ኩርፊያ አልተለወጠም።

እናላችሁ የልጅ ልጄ፣ «ዓለም እንዲህ አለ፣ ሊቃውንት እንዲያ ጻፉ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። «ስሚ» አልኳት፣ «ያኔ አንዱ መጥቶ ርኩስ ነው በይ አለኝ። ዛሬ አንቺ መጥተሽ ቅዱስ ነው በይ ትይኛለሽ። ዝም በይና ልስማው።»

እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ፍትሕ ፍትሕ ነው፤ ዘፋኙ መዝፈን ይችላል። ያኔ ይጮህ የነበረው ጣራው ነው፣ እሱ አይደለም። ድምፁ ዝቅ ሲል ጥርሱን ነክሶ ዕንባውን የሚይዝ ሰው ይመስላል። ስለ ቀስታው ዘፈን ከብት ነጋዴው ልክ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የመጨረሻው ዘፈን ሊፎክር ተነስቶ ጠላት ያጣ ሰው ነው፤ ቢቀር ምንም አይጎድልም። የከበሮውን ፍርድ ግን በምን ልሻረው? ስልኩ ላይም፣ በጥሩ ማጉያም፣ በቀዝቃዛ ቤትም ሰማሁት። አያቆምም።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ሱቁን ለልጁ ትቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል።

«ደግሞ ምን ሊፈርዱብኝ መጡ?» አለኝ።

«ሸክላውን እንደገና ሰማሁት። ዘፋኙ መዝፈን ይችላል።»

መርፌው እጁ ላይ ቆመ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ ቀላ።

«የተፈረደበት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው» አለ። «አሁን መጥተው ለብቻዬ በጆሮዬ ይነግሩኛል። ይሄ ፍትሕ ነው?»

እውነቱን ነው። በአደባባይ የተሰደበ በጓዳ አይካስም። ይህንን ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ስንት ቀን ነበር የምጮኽበት! አዳራሹ ግን ፈርሶ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ከሰሚዎቹ የሞተው ሞቷል፣ የቀረነው ተበታትነናል።

«እጽፈዋለሁ» አልኩት። «ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ።»

«ከበሮውንስ?»

«ከበሮው እንደተፈረደበት ይጸናል። እሱንም እጽፋለሁ።»

«እንግዲያውስ አልታረቅንም» አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ለማንኛውም የዘፋኙን ይጻፉ።»

ይኸው ጻፍኩ።