ጭብጨባና ቦኖ

«አንቺን እዚህ ያስቀመጥንሽ እንድታጨበጭቢ እንጂ እንድትጠይቂ አይደለም» አሉኝ አፈ ጉባኤው፣ ፊት ለፊት፣ ሰው እየሰማ።

እሳቸው የቀበሌያችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናቸው። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ፣ ሴትም ወጣትም ሲፈለግ ሁለቱንም ቀዳዳ እንድደፍን የተመረጥኩ አባል ነኝ። ስብሰባው ሳይጀመር በር ላይ ይዣቸው፣ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ የሚሾመው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር።

ለነገሩ አውቀዋለሁ። አብራኝ አባል የሆነችው ጎረቤታችን ቀድማ ነግራኛለች።

«የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሽማግሌዎች እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ አፈ ጉባኤው ባሉበት ተስማሙ። የውኃ ቦኖው ወደኛ ወደ ታች ሰፈር ይመጣል፣ የዳኝነቱ ወንበር ወደነሱ ይሄዳል።»

«የኛ እጩስ? መምህሩ?»

«ይቅርብኝ አሉ ተባለ።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት?»

«ተባለ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

እናቴ ለከሰል ብላ የተከለችውን የዲከረንስ ዛፍ አንድ የላይ ሰፈር ሰው ጨፍጭፎ፣ እዚያው አክስሎ፣ ወደ ቆሰበር ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸጦታል። እናቴ ከሳዋለች፤ ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ሊሾሙ የታሰቡት ሰውዬ ደግሞ የዚህ ሰው ሚስት ወንድም ናቸው። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

ለእናቴ ነገርኳት። ውኃ ከወንዝ በጀርባዋ የምታመጣ ሴት ናት።

«ቦኖው ይምጣ» አለች። «ዛፌንም ይክፈሉኝ።»

«እማ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አይሰጡሽም።»

«ለምን? ውኃና ዛፍ ምን አገናኛቸው?»

ላስረዳት ሞከርኩ። መሃል ላይ ስደርስ ለራሴም ግራ ገባኝ።

መምህሩ ጋ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው ድንች የሚኮተኩቱ ሰው ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል።

«ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«ውኃ ነው እኮ ልጄ። ሰጥቶ መቀበል ነው።»

«እርስዎ ምን ተቀበሉ?»

ሳቁ። ከዚያ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ፣ ዳኛ የተከሳሽ ዘመድ ከሆነ ይነሳልኝ ማለት እንደሚቻል ነገሩኝ። «ግን ዝምድናውን የሚመሰክር ያስፈልግሻል። ማን ይመሰክርልሻል?» ብለው ወደ ድንቻቸው ጎንበስ አሉ።

እዚያው ማሳው ዳር ቆሜ የማደርገውን ወሰንኩ።

በኛ ቀበሌ ሹመት የሚጸድቀው እጅ በማውጣት አይደለም። አፈ ጉባኤው ስም ያነባሉ፣ ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ያጨበጭባል፣ አዳራሹ ይከተላል፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይባላል። ክርክሩ ውጭ፣ ጠላ ላይ አልቆ ነው የሚገባው። አንዴ ከተጨበጨበ ደግሞ አለቀ፤ እንደ ምርቃት ነው፣ መልሱት አይባልም። እኔም በፊት ስንት ሹመት አጨብጭቤ አሳልፌያለሁ፤ ማን እንደተሾመ ወጥቼ ነው የምጠይቀው።

የዚያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አፈ ጉባኤው የሰውዬውን ስም ሲያነቡ የሰማ ያለ አይመስለኝም፤ ጭብጨባው ግን መጣ። እኔ ተነሳሁ።

«ጭብጨባው አልፏል፤ ተቀመጪ» አሉኝ።

«እኔ አላጨበጨብኩም።»

«አንድ ሰው ነሽ።»

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ለእጩው ነው።»

ከኋላ አንዱ «ባል ፈልጉላት» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። አፈ ጉባኤው በሳቁ መሃል ትጠይቅና ትገላገል ብለው መሰለኝ እጃቸውን ወዘወዙ። ወደ እጩው ዞርኩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና አሉ፤ አዲስ ሹም ናቸው፣ ደስ ብሏቸዋል።

«ጋሼ፣ የእናቴን ዲከረንስ ቆረጠ ተብሎ የተከሰሰው ሰው ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«የታወቀ ነገር ምን ያስጠይቃል?» አሉ።

«እኔ እንዳውቀው ነው።»

«የእህቴ ባል ነው። ታዲያ? እኔ ለእህቴም ቢሆን አላዳላም።»

አንዳንዱ አጨበጨበ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። «ሹመቱ እንደ ተስማማችሁት ይሁን፤ ቦኖውም ይምጣልን፣ እናቴ ወገቧን ታማለች። ሐሙስ ግን ዳኛው ይነሱልን ብለን እንጠይቃለን። ዝምድናውን ማን ሰማ ከተባለ፣ እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ሰምቷል። አንድ በአንድ እየጠራሁ አስመሰክራለሁ።»

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰፈርሽን ውኃ ልታሳጪው ነው?» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ አባት።

«ውኃውን ከዳኛው ጋር ያሰሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይፍቱት።»

ስብሰባውን ሊያዩ የመጡት መምህሩ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ። «ከተጠራሁ እመሰክራለሁ» አሉ። ጎረቤቴ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ቀሚሴን ግን ለቃዋለች።

«በሙሉ ድምፅ...» ብለው ጀመሩ አፈ ጉባኤው።

«ከአንድ ሰው በስተቀር» አልኩ።

ጃንጥላዬን ከበሩ ጥግ አንስቼ ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ባጃጅ አልጠበቅኩም፤ ወደ እናቴ በእግሬ ሄድኩ።