ሰንበት ያከበረው ምስር

አልረገፈም። ተነቅሎ፣ ተወዝውዞ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆም እንኳ አልረገፈም። ቀየት ገበያ ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚወራው ይኸው ነው፤ ደስታው ግን ከሁሉ በፊት የፈንታ ነው።

ፈንታ ከቀየት ከፍ ብሎ ገብስ እያረሰ፣ በግ እያረባ የሚኖር፣ ቁመቱ ረጅም፣ ተስፋው ደግሞ ከቁመቱ የባሰ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውርጭ ምስሩን አንድ ሳያስቀር ሲያቃጥልበት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ማንም ያልዘራው የዱር ምስር ከነልምላሜው ቆሞ አየ። "ይህንን ባለማምደውስ?" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጓሮውን መደብ ለእሱ ሰጠው። መደቡ ደግሞ ሚስቱ ሸዋረጋ ነጭ ሽንኩርት የምትተክልበት ነበር።

የዱር ምስር አመሉ ክፉ ነው። የፍሬው ቅርፊት ገና ሲደርቅ ጠሽ ብሎ ይፈነዳና ፍሬውን አጥር ጥግ ድረስ ይወረውረዋል። ከተዘራውም ግማሹ እንደ ጠጠር መሬት ውስጥ ይተኛል። ላልበቀለው ፈንታ የጎረቤቱን የአፈወርቅን ዶሮዎች ስለጠረጠረ፣ ሁለቱ አንድ ክረምት ሙሉ ተኮራርፈዋል። ለመርገፉ ግን ብልሃት አገኘሁ ብሎ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ጋቢውን ከምስሩ ሥር ያነጥፍና በዱላ ነካ ነካ ያደርገዋል። ጋቢው ላይ የረገፈውን ለዘር ያስቀምጣል፤ ያልረገፈውን ጥሬ ነው ብሎ ከነገለባው ለበጎች ይጥላል።

ምስሩ በየዓመቱ ሲፈነዳ እንጂ ሲላመድ አልታየም። ዘንድሮ ሸዋረጋ ቁርጡን ነገረችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ለእንግዳህ ብዬ መደቤን ለቅቄ ኖርኩ። ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ አንድ ድስት ወጥ የሚሆን ካላየሁ ሽንኩርቴን እተክላለሁ።"

"ድስቱ ትልቁ ነው ትንሹ?"

"ሲኒም ይሁን፤ ብቻ ልየው።"

ምስሩ ሐሙስ ማታ ደረቀ። ዓርብ ሚካኤል ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ነው፤ በዚያ አገር በሁለቱም ማጭድ የሚያነሳ የለም። ሰኞ ደግሞ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አረፉና ሰፈሩ ሁሉ ቀብር ዋለ። ፈንታ በዓሉንና ሰንበቱን ጓሮ ቁጭ ብሎ ጠሽ ጠሽ የሚለውን ሲያዳምጥ፣ ንስሐ አባቱ ቄስ ታዲዮስ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"እያየሁህ ነው፣ ፈንታ።"

"እያየሁት ብቻ ነው፣ አባ።"

"ማየትም ሲበዛ ሥራ ነው። ተነሥተህ ግባ።"

ማክሰኞ ሸዋረጋ ዶማዋን ይዛ ወጣች። ባዶ ቅርፊት የተንጠለጠለበትን ገለባ እየነቀለች ወደ በጎቹ ስትጥል ፈንታ ቆሞ ያያል። አንዱን ልትወረውር ስትል ተንሿሿባት።

"ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?"

"ጥሬ ነው፣ ስጫቸው" አላት እንደ ልማዱ።

"እንዲህ ደርቆ ጥሬ?" አንዱን ፍሬ ፈልቅቃ በጥርሷ ሞከረችው። "ጥርሴን ነው የሚሰብረው።"

ፈንታ ተቀብሏት ወዘወዘው፣ ዘቀዘቀው። ቅርፊቶቹ ሁሉ ፍሬያቸውን አቅፈው ዝም። ወዲያው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰብል የምትማረው የእኅቱ ልጅ ሳሌም ጋ ደውሎ ያየውን ነገራት።

"አጎቴ፣ እስከ ዛሬ የትኛውን ነበር የሚዘሩት?"

"ጋቢው ላይ የረገፈውን ነዋ። የበሰለው እሱ አይደል?"

ሳሌም ሳቋ መጣ። "እንግዲያው በየዓመቱ መርገፍ የሚያውቅበትን እየመረጡ ሲያራቡ ነው የኖሩት። የማይረግፍም ከነበረ በጎቹ በልተውታል።"

ከዚያ አስረዳችው። በዚህኛው ምስር አንድ ዘረ መል ተለውጦ ቅርፊቱን ፈንዳ የሚለው ትእዛዝ ጠፍቶበታል። ምስር ከሌላ ሳይዳቀል በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ልጆቹም ፍሬያቸውን ይዘው ይቀራሉ። የጥንት ገበሬዎችም ምስርን ከዱር ያመጡት እንዲሁ ነው፤ የረገፈው እዚያው ቀረ፣ ያልረገፈው ቤት ገባና ተዘራ።

"ያልበቀሉት ደግሞ ቆዳቸው ወፍራም ሆኖ ውኃ አላስገባ ብሎ ነው። ከመዝራትዎ በፊት በሻካራ ድንጋይ ፈግፈግ ያድርጓቸው።"

"ዶሮዎቹስ?"

"ዶሮዎቹ ምንም አላጠፉም፣ አጎቴ።"

ሸዋረጋ ስልኩን ነጠቀችው። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ወጥ የሚሆነው መቼ ነው?"

"ገና ነው እትዬ። ጥቂት ዓመት መባዛት አለበት።"

ሸዋረጋ ዶማዋን አየች፤ ባሏን አየች። ፈንታ እንደዚያን ቀን አጥሮ አያውቅም። "እንግዲህ ከዳር አንዲት ትልም ትበቃዋለች" አለች በመጨረሻ። "ሌላው ሽንኩርት ነው።" ፍሬዎቹን ግን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው፤ ባሏንም በጎቹንም አላመነችም።

ቄስ ታዲዮስ ሲሰሙ አልገረማቸውም። "ሌላው ሁሉ በሚካኤልም በሰንበትም ሥራውን ሲሠራ ዋለ። አክብሮ የጠበቀ እሱ ብቻ ነው" አሉ።

ፈንታ አሁን አፈወርቅ ቤት ነው፤ ዶሮዎቹን በስማቸው እየጠራ ይቅርታ ሲጠይቅ አየሁት። እኔም ልነሣ፤ ወደ ራቤል የሚሄደው መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ነው፣ እዚያ ያለችው የፈንታ እኅት አረጋሽ ወሬውን ገና አልሰማችም።