ቀይ እርሳስ ሦስቱን ቋቶች የፈተነችበት ሳምንት

ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ቀይ እርሳስ» ነው የሚሏት። ፍርድ ቤት ግቢ ገብታችሁ «ቀይ እርሳስን አያችኋት?» ብትሉ ከበር ጠባቂው እስከ መዝገብ ቤት ሹሙ ድረስ በየት በኩል እንዳለፈች ይነግሯችኋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። ሕግ አልተማረችም። ሕግ የተማረ ሰው ግን እሷ ፊት አፉን ሲከፍት ሁለቴ አስቦ ነው።

ቅጽል ስሙ ዝም ብሎ የወጣላት አይደለም። ገና በሁለተኛ ዓመቷ፣ ቢሮውን ያቋቋሙት ትልቁ ጠበቃ በሕይወት ሳሉ፣ አንድ ቀን ከችሎት ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። የተማመኑበት ፍርድ ከዓመት በፊት በላይኛው ፍርድ ቤት ተሽሮ ኖሯል። እሳቸው አላወቁም፤ የተቃራኒው ጠበቃ ግን አውቋል። ደንበኛቸው፣ የአራት ልጆች አባት፣ ቤቱን አጣ። ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ወረቀት ላይ አለ ብላችሁኝ አልነበር?» ያለው እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። በማግሥቱ ቀይ እርሳስ ገዛች። ከዚያ ወዲህ የላይኛው ፍርድ ቤት ፍርዶች የሚሰበሰቡበት አዲስ ቅጽ ታትሞ በመጣ ቁጥር ከሽፋን እስከ ሽፋን ታነበዋለች። አዲሱ ፍርድ የቀድሞውን የሻረ እንደሆነ የቀድሞውን ቅጽ ከመደርደሪያ ታወርድና ኅዳጉ ላይ «ተሽሯል» ብላ በቀይ ትጽፋለች፤ የሻረው የትኛው ቅጽ፣ የትኛው ገጽ እንደሆነም ታስከትላለች። ጡረታ የወጣው ሾፌር ባሏ ከሥራ ስትገባ ሁልጊዜ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ «እሺ፣ ዛሬስ ማንን ሻርሽ?»

ትልቁ ጠበቃ አረፉና ቢሮው ለልጃቸው ተላለፈ። ልጁ ጎበዝ ነው። አንደበቱ ልክ እንዳባቱ ነው፤ ችኩልነቱን ከየት እንዳመጣው ግን እንጃ! በእሱ ዘመን፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቅጾቹ መታተም አቆሙ። «ከእንግዲህ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ነው» ተባለ። ይባል እንጂ ያ «ሁሉም» የተባለው የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ትልልቆቹ ቢሮዎች ፍርዶችን በኮምፒውተር የሚፈልጉበት አንድ የመረጃ ቋት አላቸው፤ ዋጋው ግን ለእነ ቀይ እርሳስ አይቀመስም። ስለዚህ ከወዳጅ ጠበቆች እየለመኑ፣ መዝገብ ቤት እየተመላለሱ እንደምንም ሲገፉት ቆዩ።

ጉዱ የፈላው የዳቦ ጋጋሪዋ ነገር ሲመጣ ነው። ከቢሮው ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ማዕዘን ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳቦ የጋገረችበት የኪራይ ቤት ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት «በአንድ ወር ውስጥ ልቀቂ» የሚል ደብዳቤ ላከባት። የኪራይ ውሏ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል። ምድጃዋ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተገነባ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የጡብ ምድጃ ነው።

«እህቴ፣» አለቻት ቀይ እርሳስን፣ ዱቄት የለበሰ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች፣ «ዕቃ ቢሆን ተሸክሜው እሄድ ነበር። ምድጃ እንዴት ይሸከሙታል? እሱን ካፈረሱት እኔም አብሬው ፈረስኩ።»

ቀይ እርሳስ «አይዞሽ» አለቻት እንጂ ሆዷ አላመነም። ነገሩን ታውቀዋለቻ! የዛሬ ስምንት ዓመት ላይኛው ፍርድ ቤት «ቤት የገዛ ሰው የተከራዩንም ውል አብሮ ይረከባል» ብሎ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ግን ሐሳቡን ገልብጦ «ገዢው ባልፈረመው ውል አይገደድም» አለ። በመጀመሪያው ፍርድ ኅዳግ ላይ «ተሽሯል» ብላ የጻፈችው ራሷ ናት። የችሎቱ ቀጠሮ ደግሞ አርብ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጠበቃው ክንፍ አውጥቶ ሊበር ምንም ሳይቀረው ቢሮ ገባ።

«እትዬ! ተገላገልን! ዋጋው እንደ ውሃ የሆነ ቋት አገኘሁ። ሰባት ቀን ደግሞ በነፃ ሞክሩት ይላል። የዳቦ ጋጋሪዋን ነገር ብጽፍለት በሁለት ሰከንድ ፍርዱን ዱብ አደረገልኝ። ‹ገዢ የተከራዩን ውል ይረከባል!› ይኸው፣ ቁጭ ብሏል! ዛሬውኑ እንመዝገብ።»

ቀይ እርሳስ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን አየችው። ገጹስ ያምራል፣ ለሠርጉ የለበሰ ሙሽራ ይመስላል። ተነሥታ የዛሬ ስምንት ዓመቱን ቅጽ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«እስቲ ኅዳጉን አንብበው።»

«ተሽሯል» አለ ጠበቃው። ድምፁ ወዲያው ሟሸሸ።

«ሙሽራህ ይሄን ነግሮሃል?»

«ኧረ አልነገረኝም።»

«ይህን ይዘህ ችሎት ብትቆም በአባትህ የደረሰው ነበር የሚደርስብህ። እኔስ ያቺን ሴት በየት ዓይኔ ነበር የማያት?» አለችውና ቅጹን ዷ አድርጋ ዘጋችው። «ቋት አይገዛ አላልኩም። ሳንፈትነው አንገዛም ነው ያልኩት።»

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ ወርዳ እውነቱን ነገረቻት። «የኔ እናት፣ አልዋሽሽም። ሕጉ ፊቱን አዙሮብሻል። ሰውዬው ሽምግልና ካለ እሺ በይው፣ ባዶ እጅሽን ከምትወጪ ይሻላል።» ዳቦ ጋጋሪዋ አልተከራከረችም። የምድጃውን በር ከፍታ ዳቦዎቹን ማውጣት ጀመረች፤ አንዱንም ግን ለማንም አልሸጠችም፤ መደርደር ብቻ። ቀይ እርሳስ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ማክሰኞ ፈተናው ተጀመረ። በአቅማቸው የሚገኙት ቋቶች ሦስት ናቸው፤ ጠበቃው በሦስቱም ለሙከራ ተመዘገበ። ቀይ እርሳስ ከቅጾቿ በቀይ ምልክት ካደረገችባቸው ሃያ ፍርዶች መረጠች፤ የውርስ አለ፣ የሥራ ስንብት አለ፣ የድንበር አለ፤ ሃያኛው ያው የኪራዩ ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፤ ፍርዱ አለህ ወይ? መሻሩንስ ታውቃለህ ወይ?

«እትዬ፣ ፈተና ልታስቀምጫቸው ነው እንዴ?» አለ ጠበቃው እየሳቀ።

«የወደቀ እዚህ ቢሮ አይገባም» አለችው።

ሙሽራው ሃያውንም እንደ መብረቅ አወጣ፤ መሻራቸውን ያወቀው ግን የሦስቱን ብቻ ነው። ሁለተኛውን «ቱሪስቱ» አለችው፤ የሌላ አገር ፍርድ ነው የሞላበት። የቤት ኪራይ ብላ ብትጠይቀው ባሕር ማዶ ስለተከራየ የዓሣ ጀልባ ይተርክላታል። «ወይ አንተ! እኔ ስለ ቤት ስጠይቅህ አንተ ዓሣ ታጠምዳለህ?» አለችው ከፍ ባለ ድምፅ። ከሃያው ያገኘው አሥራ ሦስት፣ መሻሩን የነገራት ዘጠኝ።

ሦስተኛው «ሽማግሌው» ተባለ። መልክ የለው፣ ቀለም የለው፣ አንድ ነገር ጠይቀውት መልስ እስኪሰጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። ግን አቤት ትዝታው! ከእያንዳንዱ ፍርድ ግርጌ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ መዝገብ ተሽሯል የምትል። አንደኛው ልክ። አምስተኛው ልክ። አሥራ ዘጠነኛውም ልክ። እንዲህ ያለ ተማሪ አይታ አታውቅም። ረቡዕ ከሰዓት ሃያኛው ላይ ደረሰች። መስመሯ «ተሽሯል» አለች። ከሥሯ ደግሞ ሌላ መስመር ነበረች፤ «የሻረው ፍርድም በኋላ ተሽሯል። ይህ ፍርድ ጸንቷል።»

«ዋሸ!» አለች ቀይ እርሳስ ጮክ ብላ።

ጠበቃው ደንግጦ ከክፍሉ ብቅ አለ። «ማነው የዋሸው?»

«ይሄ ሽማግሌ! እስካሁን በሥርዓት ሲመልስ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ቀባጠረ።» ደብተሯ ላይ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ብላ ጻፈችለት። ጻፈች እንጂ ልቧ አላረፈም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ቀይ ጽሕፈት «ተሳስታለች» ያላት የለም። ሰው ያልደፈራትን ማሽን ሲደፍራት ተናደደች፤ እልክ ያዛት። ባሏ ያን ዕለት «ማንን ሻርሽ?» ቢላት «ተወኝ እባክህ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሐሙስ ጠዋት መዝገብ ቤቱ በሩን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሽማግሌው የጻፈውን የመዝገብ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ገልብጣ ይዛለች።

«እንዴ! አንቺ የማታውቂው ፍርድም አለ?» አለ ሹሙ ሊያሾፍባት።

«የለም። አለመኖሩን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት» አለችው ኮስተር ብላ።

ሹሙ ገብቶ ተመለሰ። አንድ ሰማያዊ ፋይል ከነአቧራው አስቀመጠላት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ቅጾቹ መታተም ካቆሙ በኋላ፣ ሰባት ዳኞች ተሰይመው የወሰኑት ነው። ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «ቤት የገዛ ሰው የተከራዩን ውል ከነቀሪ ዘመኑ ይረከባል፤ ከዚህ በፊት በተቃራኒው የተሰጠው ፍርድ ተሽሯል።»

ክው አለች። ሽማግሌው አልዋሸም። የተሳሳተችው እሷ ናት። ያቺን ሴት በገዛ አፏ «እሺ በይው» ያለቻት እሷ ናት! ሽምግልናው ደግሞ ዛሬ ነው፤ የገዢው ጠበቃ ወረቀት ይዞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ብላታለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ባለማኅተም ግልባጭ ስጠኝ! አሁኑኑ!»

«ነገ ነው የሚደር...»

«ቶሎ በል! በሞቴ! የሰው ቤት እየፈረሰ ነው!»

ሹሙ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም፤ ሮጦ አመጣላት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷም ያማታል፤ ግን ያን መንገድ እንዴት እንደጨረሰችው እሷም አታውቅም። ዳቦ ቤቱ ስትደርስ የገዢው ጠበቃ ሊጡ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግቷል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ እስክሪብቶውን ይዛለች።

«እንዳትፈርሚ!» አለች ቀይ እርሳስ በሩን ይዛ። ትንፋሽ አጥሯታል።

የገዢው ጠበቃ በትሕትና ፈገግ አለ። «እመቤቴ፣ ይህን እርስዎ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። ፍርዱ ተሽሯል። የእርስዎ ቀይ እርሳስ እኮ ነው ያለው።»

«ቀይ እርሳሴ ተሳስቷል!» አለች። ቃሉ ሲወጣ አቃጠላት፤ ቢሆንም ደግማ አለችው። «ተሳስቷል አልኩ። እህቴ፣ እስክሪብቶውን መልሺለት። ነገ ችሎት እንገናኛለን።»

ዳቦ ጋጋሪዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ምድጃውን አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችና ወረቀቱን ከነዱቄቱ ወደ ሰውዬው ገፋችው።

አርብ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። የገዢው ጠበቃ ተነሥቶ የአምስት ዓመቱን ፍርድ አፉን ሞልቶ አነበበ፤ ትናንት በቀይ እርሳስ እጅ ያየው ባለማኅተም ግልባጭ ዝም ብሎ ወረቀት መስሎታል። ከዚያ የኛው ጠበቃ ተነሣ። አልቸኮለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን መሰለ። የሰባቱን ዳኞች ውሳኔ ቃል በቃል አንብቦ ግልባጩን ለችሎቱ አቀረበ። ዳኛዋ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገውም የገዢውን ጠበቃ አዩት።

«ይህ ውሳኔ መኖሩን ያውቁ ነበር?»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። ላብ ላብ አለው። «ክቡር ፍርድ ቤት... እኔ የምጠቀምበት ቋት ላይ... አልተመለከተም።»

«ሙሽራው!» አለች ቀይ እርሳስ ከኋላ ወንበር፣ በሹክሹክታ ያለች መስሏት። ሰው ሳቀ። ዳኛዋም ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ውሳኔውን አሰሙ፤ ገዢው ውሉን ከነስድስት ዓመቱ ይረከባል፣ ምድጃውንም የሚነካ የለም።

እሰይ! ዳቦ ጋጋሪዋ ቀይ እርሳስን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ከመሬት አነሣቻት። ጥቁር ቀሚሷ በዱቄት ነጣ። ሁለቱም እያለቀሱ ይስቃሉ፤ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። የመዝገብ ቤቱ ሹም እንኳ ሥራውን ጥሎ መጥቶ በሩ ላይ ያጨበጭባል።

ቢሮ ሲመለሱ ጠበቃው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «እትዬ፣ እንግዲህ አንቺ ነሽ ፈታኟ። ማንን እንመዝገብ?» አላት።

«ሽማግሌውን። መቼም የሻዩ ወጪ ይጨምራል፤ እንችለዋለን» አለችው። ደብተሯን ገለጠችና አሥራ ዘጠኙን ሰርዛ ሃያ ብላ ጻፈችለት። ቀጥላ ቅጹን አወረደች፤ ያንን ኅዳግ አወጣች። «ተሽሯል» ከሚለው የራሷ ጽሕፈት ሥር፣ በዚያው እርሳስ፣ «መሻሩም ተሽሯል» ብላ ጻፈች። ቅጹንም ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

ቤቷ የገባችው ትኩስ ዳቦ በብብቷ ሸጉጣ ነው። ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ፤ የረቡዕ ማታውን ኩርፊያ አልረሳምና ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

«እሺ... ዛሬስ ማንን ሻርሽ?»

«ራሴን!» አለች፣ ዳቦውን ለሁለት ገምሳ ትልቁን እየሰጠችው። ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።