የማክሰኞ ፓፓያ

በቫሌሆ ከተማ በስደት የሚኖሩ ፊሊፒናውያን “ፔርፔቱዋ ጋኒሮን አፍንጫዋ ጠፍቷል” ማለት የጀመሩት በወረርሽኙ ዓመት፣ በነሐሴ ወር አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ያን ሰሞን ስለ አንዲት ምግብ አብሳይ እንዲህ ብሎ ማውራት ተራ ሐሜት አልነበረም። ሽታ የማይለይ ሰው በሽታው ይዞታል ማለት ነበር፤ በሽታውን ደብቆ ለሰው ምግብ የሚያሽግ ደግሞ ከነፍሰ ገዳይ ብዙም አይርቅም። ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ቡድን ተነሥቶ ቀትር ሳይሆን ከተማውን አዳረሰ። ፔታንግ፣ ወገኖቿ የሚጠሯት እንዲህ ነው፣ ስለ ወሬው የሰማችው ነገር አልነበረም። ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየእሑዱ እንቁላል የምትሸጥላትን ጎረቤቷን በር ብታንኳኳ፣ ሴትዮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ እያየቻት አልከፈተችላትም።

ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከትውልድ አገሯ ከኢሎኮስ ከወጣች ወዲህ ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው “ቀይ ዛጎል” በተባለው መጠጥ ቤት ጓዳ፣ ምድጃ ፊት ቆማ ነው። የቤቱ ግድግዳ ቀርከሃ፣ መብራቱ አምፖል የገባበት፣ ተነፍቶ የደረቀ ዓሣ ነው። በየማዕዘኑ አፋቸውን የከፈቱ የእንጨት ጣዖታት ቆመዋል፤ የየትኛው ሕዝብ አማልክት እንደሆኑ የጠየቀ ጠጪ ግን ታይቶ አይታወቅም። ሰው የሚመጣው ለመጠጡ ነው፤ ለሩሙ፣ ለሎሚው፣ ለአናናሱ፣ ለለውዝ ሽሮፑና ለተከሰከሰው በረዶ። ባንኮኒው ዙሪያ የፔታንግን ስም የሚያውቅ አልነበረም። በጓዳው በር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከሆስፒታል የሚወጡ ነርሶች፣ ከመርከብ ጥገና ሥራ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች በዚያ በር እየመጡ፣ በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት ያበሰለችውን አዶቦ የተባለ የሥጋ ወጥ ከትኩስ ሩዝ ጋር ይዘው ይሄዱ ነበር። “የፔታንግ እጅ ነው” ከተባለ ሌላ ምስክር አያሻም። ቤት የላት፣ ቦታ የላት፤ ያላት ይህ ስም ነበር።

በመጋቢት ቤቱ ተዘጋ። በግንቦት ሲከፈት የጓዳው በር እንደተዘጋ ቀረና ሁሉም ነገር በአንዲት መስኮት በኩል የሚሸጥ ሆነ። ሕጉ፣ ምግብ ያልገዛ ሰው መጠጥ ይዞ እንዳይሄድ ይከለክላል። ስለዚህ ማንም ሰው በታሸገ የላስቲክ ከረጢት ኮክቴሉን፣ በካርቶን ደግሞ የፔታንግን ራት መግዛት ነበረበት። አበባ የታተመበት ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች በመኪና እየመጡ ይሰለፉ ጀመር። ቤታቸው ገብተው መጠጡን በረዶ ላይ ገልብጠው፣ ለጌጥ ትንሿን የወረቀት ጥላና የናና ቅጠል ሰክተው፣ እግራቸውን የልጆች መዋኛ ውስጥ ነክረው፣ ፎቶ ተነሥተው “ደሴት ላይ ነን” ይላሉ። በክፉ ዘመን ጣፋጭ ነገር መመኘት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ፔታንግም ከኃጢአቱ ድርሻ አላት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባርማኑ ኢሉሚናዶ በቀን አርባ ካርቶን ይጠይቃት ነበር። በሐምሌ ወደ ሃያ ወረደ፤ በነሐሴ ስምንት አንዳንዴም አምስት ሆነ። ሰልፉ ግን እየረዘመ ሄዶ የመንገዱን ማዕዘን ይዞር ነበር፤ እሷም በጓዳው መስኮት ታየዋለች። ጠጪው በዝቶ ራቱ ያነሰው ለምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ዕረፍቱ ጥሟት ነበር።

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማሪዜል የተባለችው ወጣት ነርስ መጥታ የጓዳውን በር ደበደበችና ሸሽታ ከጓዳው ኋላ ያለው ሜዳ መሐል ቆመች። ጉንጮቿ ላይ የጭምብሉ ገመድ የቀረጸው መስመር ነበረ።

“ማናንግ ፔታንግ” አለች፤ ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው። “ሳልጠይቅዎት ማውራቴ ጥፋት ነው። አመመዎት እንዴ?”

“ማን፣ እኔ? ምን ሆኜ?”

“ሽታ ይለያሉ?”

“ያንቺን ሽቶ እዚህ ሆኜ እለያለሁ፤ ርካሽ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?”

ማሪዜል አንገቷን ደፋች። “ትናንት ከሥራ ስወጣ በመስኮቱ በኩል ራት ገዛሁ። ለመብላት ነው የገዛሁት፤ አሥራ አራት ሰዓት ቆሜ ነው የዋልኩት። ሩዙ ሸቷል። መንኮሻኮሽ የነበረበት የሉምፒያ ጥቅልል እርጥብ ካልሲ ሆኗል። የሚቀመስ የኮመጠጠው ፓፓያ ብቻ ነበር። ‘አፍንጫዋ ቢሠራማ ይህን አትልክም’ ብዬ ለአክስቴ ነገርኳት።”

“ለባሲሊሳ።”

“አዎ።”

“እሷም ቡድኑ ላይ ጻፈችው።”

“ከሚያለቅስ ፊት ጋር።”

ፔታንግ ማማሰያዋን ይዛ እንደቆመች ፊቷ ቀላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ባለ ቀን፣ በዓል በዋለ ቀን፣ ባሏ በተቀበረበት ሳምንት እንኳ የሸተተ ሩዝ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ስድብ ከአፏ ሊወጣ ተቃርቦ ቆመ።

“ምን ፓፓያ ነው ያልሽው?”

“በቀጭኑ የተከተፈው፣ ካሮት ያለበት።”

“ፓፓያ ማክሰኞ አልቆብኛል። ከማክሰኞ ወዲህ ፓፓያ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አልገባም።” ማማሰያዋን አስቀመጠች። “እዚያው ቁሚ። እንዳትሄጂ።”

ኢሉሚናዶ ባንኮኒው ጋ ሎሚ ይጨምቅ ነበር። የሴት ልጇ የክርስትና አባት ነው፤ እዚህ ቤት ያስቀጠረችውም እሷ ናት።

“አበልጅ! ምን እግር ጣለሽ ወደዚህ?” አለ እየሳቀ። “ልትጠጪ ነው?”

ፔታንግ ከባንኮኒው ሥር ያለውን ፍሪጅ ከፈተች። የሎሚውን ከረጢት ገፋ ስታደርግ ካርቶኖቹን አገኘቻቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። የአንዱ ጠርዝ ከመዳበሱ ብዛት እንደ አሮጌ ብር ለስልሷል። ክዳኑን ከፈተችው። አፍንጫዋ አልጠፋም ነበር።

“ይህን ስንት ሰው ገዛው?”

“ኧረ ተይው አበልጅ፣ ማንም አይወስደውም። አሳያቸዋለሁ፣ ‘ይቅር’ ይሉኛል፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ለሚቀጥለው አሳየዋለሁ። ደረሰኙ ላይ አለ እኮ። ሕጉ የሚፈልገው ደረሰኝ ነው።”

“ሕጉ የሚፈልገው ምግብ ነው!”

“ማን በላውና?”

“ማሪዜል! ማሪዜል በላችው፣ አንተ ውሻ! ከማክሰኞ የተረፈ ሩዝ ቅዳሜ ሰጠሃት!”

ኢሉሚናዶ የያዘውን ሎሚ አስቀመጠ። ሳቁ ጠፋ። “የሚበላ ሰው መኖሩን ረስቼው ነበር” አለ።

በቤቱ ታሪክ ከዚህ የከፋ ቃል የተናገረ ሰው ቢኖር ሌላ ቀን ይፈለጋል። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ክፋት ሳያስፈልገው፣ ቀን በቀን፣ በለመደ እጁ የአንዲትን ሴት ስም ሲያበላሽ ከርሟል።

ጩኸቱን ሰምቶ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዴክስተር ፕሩዊት ከቢሮው ወጣ። በቀቀን የታተመበት ሸሚዝ ለብሷል።

“ፔት፣ ምንድን ነው?” በሙሉ ስሟ ጠርቷት አያውቅም።

“የኔን ራት አሥር ጊዜ ትሸጠዋለህ ወይ?”

“የምግብ ብክነት ቀነስን በይው እንጂ።” ፈገግ አለ። “ማንም አልተጎዳም። ከሰለቸሽ ከነገ ጀምሮ ብስኩትና አይብ እናደርገዋለን፤ አንቺም ቤትሽ ታርፊያለሽ።”

“ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደውልና ብስኩት ራት ነው በላቸዋ!”

ዴክስተር እንደማይሆን ያውቀዋል፤ ሕጉ የታሸገ ብስኩትን ከራት አይቆጥርም። ፔታንግ አሥራ አንዱን ካርቶን አቅፋ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደች፤ አንድ በአንድ ከፍታ ገለበጠችና የወለል ማጽጃውን በረኪና አፈሰሰችበት። ከዚያ ተመልሳ የጓዳውን ምድጃ አጠፋች።

“አሁን ቤትህ ውስጥ አንድ ጉርሻ የለም። መጠጥህን ሽጥ እስቲ።”

ውጭ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ፣ አርባ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ፔታንግ ጭምብሏን አስተካክላ መስኮቱን ገፍታ ከፈተችው። የምትለውን ከሰሙ እንደሚደነግጡ፣ ምናልባትም ባለቤቱን እንደሚጮኹበት አምና ነበር።

“ስሙኝ!” አለች። “ከዚህ ስትገዙት የነበረው ራት የአምስት ቀን ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እኔ ግን በአምስተኛ ቀኑ አልሸጥኩትም። የበላ አለ?”

የፊተኛው ሰውዬ ሳቀ። “የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ ማንም አይበላውም። እኔ ሁለት የአናናሱን ብቻ።”

ከኋላው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች። “እኔ እንኳ ሁሌ ቅር ይለኛል። ለዚህ ነው የምተወው፤ ሌላ ሰው ይብላው ብዬ።”

“ያ ሌላ ሰው ነርስ ነበረች!” አለች ፔታንግ።

 ከዚያ ከሰልፉ መሐል “ታዲያ መጠጡ ይመጣል አይመጣም?” የሚል ድምፅ ተሰማ። ከአርባው ሰው አንድም አልተነቃነቀም፤ አንድም ይቅርታ አላለም። ሁሉም ቦታውን ጠብቆ ቆመ።

ፔታንግ መስኮቱን ዘጋችው። 

“ፔት፣” አለ ዴክስተር፣ “እየጠበቁ ነው። ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ፔርፔቱዋ በለኝ፤ ይኸ አንድ። የጓዳው በር ይከፈታል። ለእያንዳንዱ መጠጥ የዚያኑ ቀን ራት አበስላለሁ፤ ራሴ እዚህ ቆሜ በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ። የማይወስድ አይጠጣም። ቤቱ ወስዶ ይጣለው፤ ልጆቹ እያዩት ይጣለው። እዚህ ግን አይቀርም።”

“ግማሹ አይመጣም እኮ።”

“አይምጣ።”

ዴክስተር በመስኮቱ ሰልፉን አየ፤ የጠፋውን ምድጃ አየ። “እሺ” አለ። እሺ ያለው አፍሮ እንዳይመስላችሁ፤ የተሰለፈው ሰው እንዳይበተንበት ነው።

ሩዙ እስኪበስል ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ፔታንግ የመጀመሪያውን ካርቶን ሜዳው ላይ ለቆመችው ማሪዜል ወሰደችላት። ልጅቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው የሩዝ ፍሬ በላች። ከዚያ ስልኳን አወጣች፤ የሆነውን ሁሉ ለቡድኑ በድምፅ ተናገረች፤ ፓፓያውን፣ ፍሪጁን፣ ደረሰኙን። “አፍንጫቸው ከኔ ይሻላል” ብላ ጨረሰች።

የባሲሊሳ መልስ ወዲያው መጣ። ማሪዜል አንብባ ስልኩን ልትከተው ስትል ፔታንግ እጇን ያዘቻት።

“አንብቢው።”

“ይቅርብዎት ማናንግ። አክስቴን ያውቋት የለ።”

“አንብቢው አልኩሽ!”

“‘አፍንጫዋ ደህና መሆኑ ደስ ይላል። ግን በራሷ ጓዳ፣ በራሷ ካርቶን፣ ሦስት ወር ሙሉ ምን ታይ ነበር?’ ነው የምትለው።”

ፔታንግ ለባሲሊሳ የሚሆን ስድብ አላጣችም፤ በሁለት ቋንቋ አላት።  ሴትዮዋ ወሬኛ ናት፤ ጥያቄዋ ግን ልክ ነው። ስሟን የወሰደባት ኢሉሚናዶ ብቻ አልነበረም፤ እሷም በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እያነሣች ሰጥታዋለች።

“ምን ልበላት?” አለች ማሪዜል።

“እውነትሽን ነው በያት።”

ገብታ ካርቶኖቹን ደረደረች። ኢሉሚናዶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

“አበልጅ፣ ማሪኝ። አንቺ ግቢና እረፊ፣ እኔ በደንብ አስይዛቸዋለሁ።”

“ዞር በል።”

መስኮቱን ከፈተች። ፊተኛው ሰውዬ አሁንም እዚያው ነበር። ሁለቱን መጠጥና ሁለቱን ካርቶን አንድ ላይ ገፋችለት። ሰውዬው መጠጦቹን አንሥቶ ካርቶኖቹን በጣቱ መለሳቸው።

“ይኸ ይቅር።”

ፔታንግ መጠጦቹን ከእጁ ላይ ነጠቀችና “ቀጣይ!” አለች።