ቃሬዛ የሚያልፍበት መተላለፊያ

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ፣ ደባርቅ ባለው ሰፈራችን ውስጥ አዲስ አጥር በታጠረ ቁጥር ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አቁመው በመተላለፊያው ያስኬዱ ነበር። ጎን ለጎን ካላለፉ ባለአጥሩን፣ «ቃሬዛ በየት ሊወጣ ነው? ወይስ አንተ አትሞትም?» ይሉታል። ሰውየው እያጉረመረመ አጥሩን ይነቅላል።

የከተማውን የቦታ ደንብ ግን አይወዱትም ነበር። መኖሪያ በተባለው ቦታ ሱቅ ክልክል፣ ሱቅ በተባለው ማደር ክልክል፤ ማንም አይገባውም። «አሳጥሩት!» እያሉ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሱ። ካረፉ በኋላ ደንቡ አጠረ፤ እኔም ደስ አለኝ።

አሁን ጎረቤቴ መጣ። «አባባ፣ በአዲሱ ደንብ እርስዎ ከተስማሙ ሱቄን እስከ ወሰኔ ድረስ መሥራት እችላለሁ» አለኝ። ማዘጋጃ ቤት ጠየቅሁ፤ እውነቱን ነው። ያ ቦታ ግን የአጎቴን ሬሳ ተሸክመን የወጣንበት መተላለፊያ ነው። እምቢ ብል እሳቸው የለመኑትን ደንብ እምቢ ማለቴ ነው፤ እሺ ብል መንገዱ ይዘጋል። የቱን ይሉ እንደነበር ጨርሶ አልገባኝም።

ጎረቤቴ ድንጋይ አስወርዶ ይጠብቃል።

«እሺ ይበሉኝ እንጂ አባባ፤ ምን ያስቸግራል?»

«ቆይ» አልኩት።

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ! የምጠይቀው ሰው ሞቶብኛል።»