ለአንድ ሰው አሥር ፊደል

ድክም ብሎኛል። ዛሬም ስም ስደረድር ነው የዋልኩት። ሥራዬ አዳማ ውስጥ አንድ የመስኖ ቢሮ ነው፤ በስታቲስቲክስ ፕሮግራም የገበሬዎችን የውሃ ተራ አውጥቼ አትማለሁ። ቁጥሩስ ታዛዥ ነው። መከራዬ ስሙ ነው።

የኛ ስም ከነአባት ከነአያት ነው፤ የአንዱ አጭር፣ የአንዱ ረጅም። ሲታተም ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቀን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሄዳል። አለቃዬ ወረቀቱን አንስተው፣ "ይሄ ዝርዝር ነው ወይስ የሰካራም አካሄድ?" አሉኝ። ተናደድኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ፊደል ብቻ ስጥ፣ ያነሰውን በባዶ ቦታ ሙላ፣ የተረፈውን ቁረጥ ብዬ ኮዱ ላይ ጻፍኩ። መስመሩ ቀጥ አለ። አለቃዬ "አሁን ገና!" አሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ወረቀቱ ዓለም ጤና ከተማ ሄዶ ተለጠፈ። እዚያ በራሳቸውም በአባታቸውም ስም ሞክሼ የሆኑ ሁለት የሽንኩርት ገበሬዎች አሉ፤ የሚለያቸው የአያት ስም ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ ቆርጬዋለሁ። ውሃ የሚያከፋፍለው ሠራተኛ ያንኑ ስም ሁለት ቦታ ሲያይ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞት ነው ብሎ አንዱን በእስክሪብቶ ሰረዘ። የተሰረዙት ከሁለቱ ሽማግሌው ነበሩ። ሄደው ቢጠይቁ "ተራ የለዎትም" ተባሉ። በዚያ ፀሐይ ማሳቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ ውሃ ሳያገኝ ቀረ።

በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍረው አዳማ ድረስ መጡ። "አካም ጅርቱ አባባ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። ከፌስታል ውስጥ ክው ብሎ የደረቀ የሽንኩርት ተክል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና የሆነውን ነገሩኝ። አፈር በበላሁ! ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮሁም።

"ይቅርታ አባባ፣ ወረቀቱ እንዲያምር ብዬ ነው" አልኳቸው። ምነው ዝም ባልኩ።

"አይ ልጄ፣ መሬቱን ያወረሰኝ እኮ አያቴ ነው" አሉኝ።

እዚያው እያሉ ኮዱን አስተካክዬ ሙሉውን ስም አተምኩ። መስመሩ እንደ ድሮው ተንጋደደ። ዓለም ጤናም ደውዬ ለሐሙስ ተራ አስያዝኩላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ስማቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን አነበቡ።

"አዎ፣ ይሄ እኔ ነኝ" አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። "እሺ ልጄ፣ ሐሙስ ውሃው ሲመጣ ምኑን ላጠጣ?"